ጅማ ያላችሁ፣ እኚህን አናጢ እወቁልኝ

ጅማ የእንጨት ሥራ አገር ናት። ባለሦስት እግሩን የጅማ በርጩማ የማያውቅ የለም። እኔ ግን ሂርማታ አካባቢ ወዳሉት አናጢ የሄድኩት ለየት ያለ ትእዛዝ ይዤ ነው፤ ለትንሽ ዘንዶዬ ቤት እንዲሠሩልኝ።

ዘንዶው ቦል ፓይተን የሚባለው ዝርያ ነው። መርዝ የለውም፤ ሲደነግጥ ጭንቅላቱን መሃል ደብቆ ይጠቀለላል። ሰው ቤት ተፈልፍሎ ያደገ ነው፣ ፈቃድም አለው። ከዱር ዘንዶ ይዛችሁ ቤት እንዳታስገቡ፣ ለእንስሳውም አይበጅም፣ ሕጉም አይፈቅድም።

ሌላ ቦታ ገና "ለእባብ" ስል ፊታቸውን ያዞሩብኝ ነበሩ። ጋሼ ግን መጋዛቸውን አስቀምጠው "ምን ይስማማዋል? ምንስ ይጎዳዋል?" አሉኝ። የነገርኳቸውን ሁሉ በእርሳስ እንጨት ላይ ጻፉት።

ዋናው ነገር ሙቀት ነው። እባብ ሙቀቱን የሚያገኘው ከአካባቢው ነው። ለቦል ፓይተን ከቤቱ አንዱ ጫፍ ከ31 እስከ 33 ዲግሪ፣ ሌላው ጫፍ ከ25 እስከ 27 ዲግሪ ቢሆን ጥሩ ነው፤ እንደፈለገው ወዲያና ወዲህ ይላል። ሲበርደው የበላው አይፈጭለትም፣ የመተንፈሻ በሽታም ይይዘዋል። የጅማን የክረምት ሌሊት ታውቁታላችሁ። መስታወት ሳጥን ደግሞ ሙቀት አይዝም። ጋሼ ግድግዳውን ሁለት ኮምፔንሳቶ አድርገው መሃሉን በፎም ሞሉት። አሁን መብራት ሲጠፋ እንኳ ሙቀቱ ቶሎ አይወርድም። ይሄ ለእኔ ትልቅ እፎይታ ነው!

ሽታው የሚከብድ እንጨት እባብ እንደሚጎዳ ስነግራቸው "እንግዲያው ጥድ ይቅር" ብለው ማዕቀፉን በዋንዛ ሠሩት። ቨርኒሹ ከደረቀ በኋላም "ሽታው ሳይለቅ አልሰጥህም" ብለው አቆዩት። ልውሰደው ብዬ ብለምናቸውም እሺ አላሉም። ልክ ነበሩ።

እባብ የዓይን ቆብ እንደሌለው ሲሰሙ ደግሞ የሰጋቱራ ብናኝ እንዳይቀር ማዕዘኑን ሁሉ በብሩሽ ጠረጉ። ከዚያ የውስጡን ጠርዝ በጣታቸው እየዳበሱ ዞሩት። አንድ ቦታ የሚስማር ጫፍ ብቅ ብሎ አገኙና ነቅለው ሌላ መቱ። አምፖሉን ተጠምጥሞበት እንዳይቃጠል በወንፊት ሽቦ ከለሉት። የመስታወቱ በር ተንሸራታች ነው፣ ቁልፍም አለው፤ ዘንዶ ትንሽ ክፍተት ካገኘ አምልጦ ይወጣል።

ባለፈው ቆዳውን ከአፍንጫው እስከ ጭራው ሳይቆራረጥ ጣለ። በቆብ ፋንታ ዓይኑን የሚሸፍነው ስስ ቆዳ ሳይቀር አብሮ ወጥቷል። የቤቱ የአየር እርጥበት እንደተስማማው የሚያሳይ ምልክት ነው። እኔ ከ55 እስከ 65 በመቶ እንዲሆን ነው የምሞክረው። በደንብም እየበላ ነው።

ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ። ሥራዎን አክብረው፣ ሰው የሚሸሸውን እንስሳም አክብረው ነው የሠሩልኝ።

የዶሮ ቤትም ይሁን የጥንቸል፣ የወጥ ቤት ቁምሳጥንም ቢሆን አምናችሁ ስጧቸው። ስልካቸውን በኢንቦክስ ለጠየቀኝ እልካለሁ። ትእዛዝ ስለሚበዛባቸው ቀደም ብላችሁ ያዙ፤ የምታስቀምጡበትን ቦታ ልኬትም ይዛችሁ ሂዱ፣ መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው።