ቆጵሮስ ወይስ ቀርጤስ? በኪራይ መኪና ደሴት ለመዞር ለሚያስቡ

ሁለቱንም ደሴቶች በኪራይ መኪና ዞሬያቸዋለሁ። ቆጵሮስን ከእማዬ፣ ከእህቴና ከእህቴ ልጆች ጋር፣ የግሪኳን ደሴት ቀርጤስን ደግሞ ከባለቤቴ ጋር ለብቻችን። ከዚያ ወዲህ ለዕረፍት የሚነሳ ወዳጅ ሁሉ «የቱ ይሻላል?» ይለኛል። እኔም መልሼ የምጠይቀው ማን እንደሚነዳ፣ ከማን ጋር እንደሚሄዱና ስንት ቀን እንዳላቸው ነው። ባሕሩ በሁለቱም ዘንድ ያው ሜዲትራኒያን ነው፤ ያምራል። መንገዱ ግን ለየቅል ነው፤ ቀናችሁንም ገንዘባችሁንም የሚበላው እሱ ነው።

ለቸኮለ ሰው ባጭሩ ልናገር። አራት አምስት ቀን ብቻ ያለው፣ አዛውንት ወይም ሕፃን የያዘ፣ አውቶማቲክ ብቻ የሚነዳ ሰው ቆጵሮስ ይሂድ። ሳምንትና ከዚያ በላይ ያለው፣ ተራራ ለተራራ መንዳት ደስ የሚለው ሰው ቀርጤስ ይሂድ። ምክንያቴ ከዚህ በታች ነው።

መሪው በየት በኩል ነው?

ቆጵሮስ እስከ 1960 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በእንግሊዝ ሥር ስለነበረች እስከ ዛሬ የሚነዳው በግራ ነው፤ መሪው በቀኝ ነው። አዲስ አበባም፣ ቴል አቪቭም፣ እኔ የምኖርባት ጀርመንም በቀኝ ነው የሚነዳው። ስለዚህ ለአብዛኞቻችን የመጀመሪያው ቀን ትንሽ ያስጨንቃል። ላርናካ አውሮፕላን ማረፊያ የሰጡኝ መኪና ፍሬቻው በቀኝ እጅ በኩል ነበር። ወደ አደባባዩ ስንደርስ ፍሬቻ ያሳየሁ መስሎኝ የዝናብ መጥረጊያውን አስነሳሁት፤ ጠራራ ፀሐይ ላይ ደረቁን መስታወት ይፍቀው ጀመር። እህቴ ከጎኔ ሆና «በግራ! በግራ!» ትለኛለች።

አደባባዩ ራሱ ግን ያን ያህል አልከበደኝም። ከቀኛችሁ የሚመጣውን አሳልፋችሁ ወደ ግራ መግባት ነው፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ካደረጋችሁት ይለመዳል። የከበደኝ ሌላ ነገር ነው። ሰው በቀኝ በኩል ተቀምጦ ሲነዳ የመኪናው ግራ ጎን ምን ያህል እንደሚሰፋ አይታወቀውም፤ ሳያስበው ወደ ግራ ጠርዝ ይጠጋል። የግራ ስፖኪዮና የግራ ጎማ የሚጎዱት ለዚህ ነው። መድኃኒቱ ጎን የሚቀመጠውን ሰው «ጠርዙ ቀረበ» እንዲላችሁ አደራ ማለት ነው። ሁለተኛው ቀን ላይ እህቴም ዝም አለች፣ እኔም ረሳሁት።

አንድ የሚያጽናና ነገር አለ። ቆጵሮስ ውስጥ የኪራይ መኪና ታርጋ ቀይ ነው። የአገሬው ሰው ቀዩን ሲያይ እንግዳ መሆናችሁን ያውቃል። ስንዘገይ ጥሩንባ የነፋብን ሰው አላስታውስም።

ቀርጤስ ላይ ይህ ሁሉ የለም፤ እንደለመድነው በቀኝ ነው። ይልቅስ እዚያ ግራ የሚያጋባው የአነዳዱ ልማድ ነው።

በካርታና በመንገድ

በስፋት ቆጵሮስ ትበልጣለች፤ 9,251 ካሬ ኪሎ ሜትር ናት። ለነጂ ግን የምታንሰው እሷ ናት። ከላርናካ በሊማሶል አድርጎ እስከ ጳፎስ የሚወስደው አውራ ጎዳና ሰፊ ነው፣ ክፍያ የለውም፣ የፍጥነት ጣሪያው 100 ኪሎ ሜትር ነው። ከላርናካ ጳፎስ በአንድ ሰዓት ተኩል ትደርሳላችሁ። አንድ ቦታ አልጋ ይዞ በየቀኑ ወጥቶ ማታ መመለስ ይቻላል፤ እማዬን ሻንጣ ሳናስጎትት አምስት ቀን የዞርነው እንዲህ ነው። ጠመዝማዛው የትሮዶስ ተራራ ብቻ ነው። ወደ ኪኮስ ገዳም ስንወጣ ልጆቹን አቅለሸለሻቸው። እማዬ ለካ ከቦርሳዋ ሎሚ አዘጋጅታ ኖሯል፤ እንደ አገር ቤት አውቶቡስ ሰንጥቃ በየአፍንጫቸው ያዘችላቸው። ወደ ትሮዶስ የምትወጡ ከሆነ ሎሚ ያዙ።

ቀርጤስ ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ 260 ኪሎ ሜትር ያህል ትረዝማለች፤ ቀጭን ናት፣ መሐሏን ደግሞ ተራራ ይዞታል። ፕሲሎሪቲስ የሚባለው ጫፏ 2,456 ሜትር ነው። ከተሞቿ ሰሜኑ ዳርቻ ላይ ተደርድረዋል፤ ጸጥ ያሉት የደቡብ ባሕር ዳርቻዎች ከተራራው ማዶ ናቸው። ከኢራክሊዮን ሃኒያ 140 ኪሎ ሜትር ያህል ሆኖ ከሁለት ሰዓት በላይ ይፈጃል። ከሃኒያ ወደ ኤላፎኒሲ፣ አሸዋው ሐምራዊ ቅላት ወዳለው ዳርቻ፣ 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እሱም አንድ ሰዓት ተኩል ይወስዳል። መንገዱ ቶፖሊያ ሸለቆ ላይ አንድ መኪና ብቻ በሚያሳልፍ ዋሻ ውስጥ ያልፋል፤ መብራት ተክለው በተራ ያሳልፋሉ። በአውሮፓ በጋ ጠዋት ረፋዱ ላይ ከደረሳችሁ እዚያ ወረፋ አለ።

የሰሜኑ ዋና መንገድ በብዙ ቦታ አንድ ወዲያ አንድ ወዲህ ነው። የአገሬው ሰው ግን እንደ አራት መስመር ይነዳበታል። ዝግ ብሎ የሚሄደው መኪና ግማሽ ጎማውን ወደ መንገዱ ጠርዝ አውጥቶ ከኋላው ያለውን ያሳልፋል፤ ይህ እንደ ሰላምታ የሚቆጠር ወግ ነው። ወደ ሬቲምኖ ስንሄድ አንድ ፒክአፕ ከኋላዬ ተለጠፈ። ፈርቼ ፍጥነት ጨመርኩ፤ ስህተት ነበር። ባለቤቴ «ጠጋ በልና አሳልፈው» አለችኝ። ጠጋ አልኩ፤ ሰውየው እጁን በመስኮት አውጥቶ አመስግኖ አለፈ። ከኩርባ በፊት ግን ጠርዝ ላይ አትውጡ፤ የቆመ መኪና ወይም በእግሩ የሚሄድ ሰው ሊኖር ይችላል።

ስለዚህ ቀርጤስ ላይ አንድ ቦታ ማደር አያዋጣም። ካላችሁ ቀናት ግማሹን ሃኒያ፣ ግማሹን ኢራክሊዮን አካባቢ አድርጉት። ቢቻል በአንዱ አውሮፕላን ማረፊያ ገብታችሁ በሌላው ውጡ፤ መኪናውን በሌላ ከተማ ለመመለስ የሚጠየቀውን ክፍያ ብቻ አስቀድማችሁ ጠይቁ። አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። የሳማሪያን ሸለቆ በእግር የምትወርዱ ከሆነ 16 ኪሎ ሜትር ተጉዛችሁ የምትደርሱበት አያ ሩሜሊ የመኪና መንገድ የለውም፤ የምትወጡት በጀልባ ነው። መኪናችሁ ኦማሎስ ላይ ተራራው ጫፍ ይቀራል። ለዚያ ቀን በአውቶቡስ ሂዱ።

የትኛውን መኪና?

ቆጵሮስ ላይ አውቶማቲክ በሽበሽ ነው። ቀርጤስ ላይ ግን ሳትጠይቁ የሚሰጣችሁ ባለ ማርሽ ነው፤ አውቶማቲኩ ጥቂት ነው፣ ይወደዳል፣ በበጋ ደግሞ ቀድሞ ያልቃል። መንጃ ፈቃዳችሁ አውቶማቲክ ብቻ ከሆነ ይህ አንዱ ነጥብ ብቻውን ውሳኔውን ይጨርሰዋል።

ትልቅ መኪና አትመኙ። የሁለቱም ደሴት መንደሮች የተሠሩት ለአህያና ለበቅሎ ነው፤ ጠባብ ናቸው። ቀርጤስ ላይ በትንሽዬ መኪና በሰላም ባለፍንበት መንደር ሰፋ ያለ መኪና የያዙ ሰዎች ስፖኪዮ አጥፈው፣ አንዱ ወርዶ እየመራ ነበር የሚያልፉት። አምስት ሰው ከነሻንጣው ካልሆናችሁ ትንሹ ይበቃል፤ ዳገት ስለሚበዛ ሞተሩ እጅግ ደካማ የሆነውን ብቻ ተዉት።

ኢንሹራንሱ፤ እዚህ ላይ ረጋ በሉ

ሰው ዋጋ ሲያወዳድር የቀኑን ኪራይ ብቻ ያያል። ልዩነቱ ያለው ግን ጉዳት ሲደርስ ከኪሳችሁ የሚወጣው ስንት ነው በሚለው ላይ ነው። ርካሹ ኪራይ ብዙ ጊዜ ከፍ ያለ ገንዘብ በክሬዲት ካርዳችሁ ላይ ይይዛል፤ ካርዱም በነጂው ስም መሆን አለበት። እኔ ላርናካ ስደርስ የያዝኩት የባንክ ዴቢት ካርድ ነበር። መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ «አንቀበልም፤ ወይ ክሬዲት ካርድ ወይ የእኛን ሙሉ ኢንሹራንስ ግዛ» አለኝ። እማዬ ሻንጣው ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች፤ ምን አማራጭ አለኝ? ገዛሁ። ኪራዩን ያህል ሌላ ኪራይ ከፈልኩ ማለት ነው። ያ ጽሑፍ ውሉ ላይ ነበረ፤ ያላነበብኩት እኔ ነኝ፤ እናንተ አንብቡት።

ቀርጤስ ላይ የአካባቢው ቤተሰብ የሚያስተዳድራቸው አከራዮች ብዙ ናቸው። ከእነሱ ብዙዎቹ ሙሉ ኢንሹራንሱን ዋጋው ውስጥ ጨምረው፣ ካርድ ላይ ሳይዙ ያከራያሉ። ከትልልቆቹ ዋጋ በላይ ቢመስልም ሲደመር የሚረክሰው ያ ነው። ስትጠይቁ ሦስቱን ነገር ስም ጠርታችሁ ጠይቁ፦ ጎማ፣ መስታወት፣ የመኪናው ሥር። «ሙሉ» የተባለው ኢንሹራንስ ብዙ ጊዜ የሚያጎድለው እነዚህን ነው።

ኮረኮንች መንገድ ደግሞ በሁለቱም ደሴት የኢንሹራንስ ጠላት ነው። በቀርጤስ የባሎስ ሐይቅ፣ በቆጵሮስ የአካማስ ልሳነ ምድር መንገዳቸው ጥርጊያ ነው፤ በአብዛኛው ውል እዚያ የደረሰ ጉዳት በተከራዩ ላይ ነው። ወደ ባሎስ ከካሊቪያኒ መንደር ጀምሮ 8 ኪሎ ሜትር ያህል ድንጋይ ነው። እኛ መኪናውን ኪሳሞስ ወደብ አቁመን በጀልባ ሄድን፤ አልቆጨንም።

ቆጵሮስ የራሷ የሆነ አንድ ጉዳይ አላት። ከ1974 ጀምሮ ሰሜኑ ክፍል በቱርክ ቁጥጥር ሥር ነው፤ የመሻገሪያ በሮቹ የተከፈቱት በ2003 ነው። በደቡብ የተከራያችሁት መኪና ኢንሹራንስ ሰሜን ላይ አይሠራም። አከራዩ ከፈቀደ በሩ ላይ ሌላ ኢንሹራንስ ይገዛል፤ እሱም የሚሸፍነው የሌላውን ሰው ጉዳት እንጂ የያዛችሁትን መኪና አይደለም። ብዙ አከራዮች ጭራሽ አይፈቅዱም። ዋና ከተማዋ ኒቆስያ ላይ መኪናውን አቁማችሁ በሌድራ መንገድ ፓስፖርት ይዛችሁ በእግር ተሻገሩ፤ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል።

ወረቀት

ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የተሰጠ መንጃ ፈቃድ ያላችሁ ዓለም አቀፉን መንጃ ፈቃድ ከምትኖሩበት አገር አውጥታችሁ ያዙ፤ ግሪክ ለአሜሪካና ለእንግሊዝ መንጃ ፈቃዶች አስቀርታዋለች። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚሄድ ሰው የቪዛውን ነገር ለየብቻ ያጣራ፤ ግሪክ በሼንገን ውስጥ ናት፣ ቆጵሮስ ግን በ2004 ኅብረቱን ስትቀላቀል ሼንገን አብሮ አልመጣላትም። ከእስራኤል ለሚነሳ ላርናካ የአንድ ሰዓት በረራ እንኳ አይሞላም።

ምን ይታያል፣ ምን ይበላል?

ቆጵሮስም ቀርጤስም ለእኛ እንግዳ ስሞች አይደሉም፤ ከሐዋርያት ሥራ እናውቃቸዋለን። ኪኮስ ገዳም ያለችው የእመቤታችን ሥዕል ሉቃስ የሣላት ናት ይባላል፤ ፊቷ ሁልጊዜ ተሸፍኖ ነው የሚኖረው። እማዬ «የእኛን ምስለ ፍቁር ወልዳ ትመስላለች ወይ?» ብላ ጠየቀች፤ መጋረጃው እንደማይገለጥ ስነግራት ጫማዋን ልታወልቅ ጎንበስ አለች። ነጠላዋን አይተው አንድ መነኩሴ መንገድ ከፈቱላት። ሙስሊም ወንድሞችና እህቶች ደግሞ ላርናካ የጨው ሐይቅ ዳር ያለውን የሃላ ሱልጣን ተኪያ አይለፉ፤ የነቢዩ ሙሐመድ ሰሓባ የኡም ሐራም መካነ መቃብር ነው፤ በአውሮፓ ክረምት ሐይቁ በፍላሚንጎ ይሞላል።

ቀርጤስ ላይ የጳውሎስ መርከብ የተጠጋችበት «መልካም ወደብ» ዛሬም ካሊ ሊሜኔስ እየተባለ አለ፤ ትርጉሙም ያው ነው። ከኢራክሊዮን በጎርቲና በኩል ተራራውን አቋርጣችሁ ትወርዳላችሁ። ትንሽ የጳውሎስ ጸሎት ቤትና ጸጥ ያለ ውሃ ነው ያለው፤ ብዙ ጎብኚ አይመጣም። ወደ ደቡብ ከመሻገራችሁ በፊት ግን ነዳጅ ሙሉ፤ የተራራ መንደር ማደያ እሑድ ሊዘጋ ይችላል።

የሚጾም ሰው በሁለቱም ደሴት «ኒስቲሲሞ» ይበል፤ የጾም ማለት ነው፣ ወዲያው ይገባቸዋል። የእነሱ ጾም ግን ቀንድ አውጣና ኦክቶፐስ ይፈቅዳልና «አትክልት ብቻ» ብላችሁ ጨምሩ። ተቀቅሎ የወይራ ዘይት የሚፈስበት ሆርታ የሚባለው ቅጠል ጎመናችንን ያስረሳል። ቀርጤስ ላይ ከምግብ በኋላ ራኪ የሚባል አረቄ በነጻ ይቀርባል፤ ነጂው አይንካው፣ ቢጠይቃቸው ጠርሙሷን አሽገው ይሰጡታል።

በአውሮፓ ክረምት ከሆነ ምርጫ የለም፣ ቆጵሮስ ናት። ቀርጤስ ከኅዳር በኋላ ብዙው የደቡብ ዳርቻ ሆቴል ይዘጋል። ቆጵሮስ ዓመቱን ሙሉ ክፍት ናት፤ ትሮዶስ ጫፍ 1,952 ሜትር ላይ ግን በረዶ ይጥላልና የአየሩን ሁኔታ አይታችሁ ውጡ። ለቀርጤስ ምርጡ ጊዜ ግንቦትና መስከረም ነው፦ ባሕሩ ሞቋል ወይም አልቀዘቀዘም፣ ኪራዩ ከበጋው ይረክሳል፣ የቶፖሊያ ወረፋም ያጥራል።

መኪና የምትመልሱበትን ቀን ባዶ አታስቀሩት። ኢራክሊዮን ላይ የቅዱስ ቲቶ ቤተ ክርስቲያን ከአውሮፕላን ማረፊያው ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው፤ በ1966 ከቬኒስ የተመለሰው የቲቶ ራስ ቅል እዚያ አለ። ላርናካ ላይ ደግሞ የአልዓዛር ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ጌታ ከሞት ያስነሣው አልዓዛር ኋላ እዚህ ጳጳስ ሆኖ ተቀበረ ይባላል። ከመሠዊያው ሥር ወደ መቃብሩ የሚወርድ ደረጃ አለ፤ እማዬ ልጆቹን ይዛ ወረደች፣ እኔ ነዳጅ ለመሙላትና መኪናውን በአራቱም ጎን በቪዲዮ ለመቅረጽ ሄድኩ። ስትረከቡም እንዲሁ ቅረጹት፤ ጎማውንና የፊት መስታወቱን ጨምሩ።