ንግድ ፈቃድ በሦስት በር፦ ኦንላይን፣ መስኮት ወይስ ጉዳይ አስፈጻሚ?

«በአንድ ቀን ንግድ ፈቃድ» የሚለው ማስታወቂያ ውሸት አይደለም፤ ግማሹን ነው የሚናገረው። በአንድ ቀን የሚያልቀው ምዝገባው ነው፦ ስም ማጣራት፣ ንግድ መዝገብ ውስጥ መግባት፣ የግብር ከፋይ ቁጥር ማውጣት። በር ከፍቶ ለመሸጥ የሚያበቃው ፈቃድ ግን ከቤቱ፣ ከእሳቱ፣ ከውኃውና ከጭሱ ጋር የተያያዘ ነው። ያንን ተቆጣጣሪ መጥቶ ሳያይ የሚሰጥ የለም።

እዚህ የሚገመገሙት ሦስት መንገዶች ናቸው፦ የኦንላይን ፖርታል፣ የአንድ መስኮት አገልግሎት (ጉዳዮች ሁሉ በአንድ ቢሮ የሚስተናገዱበት) እና በክፍያ የሚሠራ ጉዳይ አስፈጻሚ። ለምሳሌ ያህል አንድ አነስተኛ ዳቦ መጋገሪያ እንያዝ፤ ፊት ለፊት መሸጫ፣ ጎን ላይ ሦስት አራት ጠረጴዛ ያለው። እንዲህ ያለ ቤት ከልብስ መሸጫ ይልቅ ብዙ ፈቃድ ስለሚጠየቅ፣ የአገልግሎቶቹ ድክመት ቶሎ የሚታየው በእሱ ላይ ነው።

ፖርታሉ ለምዝገባ አንደኛ ነው፤ በዚህ ክርክር የለም። ወረፋ የለበትም፣ ማመልከቻው የት እንደደረሰ ያሳያል፣ የመንግሥት ክፍያው ተዘርዝሮ ይታያል። ፍጥነቱን በሚመለከት ግን የሚጠቀሱትን ቁጥሮች እንዳሉ መውሰድ አያዋጣም። የዓለም ባንክ «ዱዊንግ ቢዝነስ» ሪፖርት በ2020 እትሙ ኒውዚላንድ ውስጥ ድርጅት ማቋቋም አንድ እርምጃና ግማሽ ቀን ብቻ እንደሚፈጅ አስፍሮ ነበር። ሪፖርቱ በመረጃ አያያዝ ጉድለት ሰበብ እ.ኤ.አ. በ2021 ተቋርጧል፤ ለጀማሪ ነጋዴ ግን ትልቁ ነገር ሌላ ነው፦ ሲለካ የነበረው ልዩ ፈቃድ የማይጠይቅ ተራ ድርጅት ነበር። መጋገሪያ እዚያ ሒሳብ ውስጥ የለም።

ፖርታሉ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው የሥራ ዘርፍ ኮድ ሲመርጥ ነው። አብዛኞቹ አገሮች ኮዳቸውን ያወጡት የተባበሩት መንግሥታት ካዘጋጀው ዓለም አቀፍ የሥራ ዘርፎች ምደባ ተነሥተው፣ አንዳንዴም አኃዝ እየጨመሩበት ነው። በምደባው አራተኛ እትም ዳቦና የመሳሰሉትን ማምረት 1071 ነው፤ ምግብ ነክ ሸቀጥ በልዩ መደብር መሸጥ 4721፤ ምግብ ቤት 5610። ባለቤቱ «ሥራዬ ዳቦ ነው» ብሎ 1071ን ብቻ ከመረጠ ጠረጴዛዎቹ ከፈቃዱ ውጭ ቀሩ ማለት ነው። ሲስተሙ ምንም አይልም፤ ማመልከቻውን ተቀብሎ ያልፋል። ጉዳዩ የሚነሣው ተቆጣጣሪው መጥቶ ወንበሮቹን ሲያይ ነው፤ ያኔ ማሻሻያ ማመልከቻ፣ አዲስ ክፍያና ሌላ ቀጠሮ ይመጣል። ፖርታሉ ኮዱን በስሙ እንጂ በውስጡ በሚካተተው ሥራ አያብራራም። ዋና ጉድለቱም ይኸው ነው።

ሁለተኛው የተለመደ ስሕተት የስም ነው። በመታወቂያው፣ በኪራይ ውሉና በባንክ ሒሳቡ ላይ ያለው ስም በአንዲት ፊደል እንኳ ከተለያየ ማመልከቻው ተመላሽ ይሆናል። ከመጫንዎ በፊት ሦስቱን ሰነዶች ጎን ለጎን አስቀምጠው ፊደል በፊደል ያመሳክሩ። ስካኑም የራሱ ጣጣ አለው፤ ማኅተሙ የደበዘዘ፣ ጥጉ የተቆረጠ ወይም በስልክ ተነሥቶ ጥላ ያረፈበት ገጽ ይመለሳል። ባለ አሥር ገጽ ውል ከሆነ አሥሩም ገጽ በአንድ ፋይል፣ በቅደም ተከተል ይግባ፤ የፊርማውን ገጽ ብቻ የሚልክ ብዙ ነው።

መስኮቱ ደግሞ ሰው ያማርረዋል እንጂ ፖርታሉ የማይሰጠው አንድ ነገር አለው፤ የሚጠየቅ ባለሙያ አለበት። ስለዚህ ወደ መስኮት መሄድ ያለብዎት ማመልከቻ ለማስገባት ሳይሆን ቤት ከመከራየትዎ በፊት ለመጠየቅ ነው። ይህን ቅደም ተከተል የሚያዛባ ሰው ነው በጣም የሚከስረው። ውል ይፈርማል፣ ቅድሚያ ይከፍላል፣ ቀለም ይቀባል፣ ከዚያ ቦታው ለንግድ እንጂ ለመጋገሪያ ያልተመደበ መሆኑ ይነገረዋል። ቤቱ ቀድሞ ሱቅ የነበረ መሆኑ ዋስትና አይሆንም፤ ከሱቅ ወደ መጋገሪያ መለወጥ በብዙ ቦታ ራሱን የቻለ የአገልግሎት ለውጥ ፈቃድ ይጠይቃል።

ሲሄዱ ባዶ እጅዎን አይሂዱ። የወለል ፕላን ይያዙ፤ 1፡50 በሆነ ልኬት በእጅ የተሣለም ቢሆን ለጥያቄ ይበቃል። በዚህ ልኬት አንድ ሜትር በወረቀቱ ላይ ሁለት ሴንቲ ሜትር ነው። ፕላኑ ላይ መውጫ በሮቹና የሚከፈቱበት አቅጣጫ፣ ምድጃው፣ የጭስ ማውጫው ወዴት እንደሚወጣ፣ ዕቃ ማጠቢያው፣ ለብቻው የሆነ የእጅ መታጠቢያ፣ መጸዳጃ ቤቱ፣ የዱቄት ማከማቻውና የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ሰሌዳው ይታዩ። «መጋገሪያ ልከፍት አስቤ ነበር፣ ምን ያስፈልጋል?» ብሎ የጠየቀ ሰው የፎርም ዝርዝር ተሰጥቶት ይመለሳል። ፕላን ዘርግቶ «ጭሱ በዚህ ግድግዳ ቢወጣ ይፈቀዳል?» ያለ ግን ትክክለኛ መልስ ያገኛል። መልሱ በጽሑፍ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ካልሆነም ቀኑንና የመለሰውን ክፍል ይመዝግቡ፤ በሚቀጥለው ቀን ሌላ ሠራተኛ ሊቀመጥ ይችላልና።

መልሱ ሳይመጣ አከራዩ ከቸኮለ ውሉ ውስጥ እንዲህ ያለ አንቀጽ ያስገቡ፦ «ተከራዩ ለመጋገሪያና ለመስተንግዶ አገልግሎት የሚያስፈልገውን የቦታ ፈቃድ እስከ ተጠቀሰው ቀን ድረስ ካላገኘ ውሉ ያለ ቅጣት ይፈርሳል፤ ቅድሚያ ክፍያውም ይመለሳል።» የጭስ ማውጫ በጣራ ወይም በጋራ ግድግዳ የሚያልፍ ከሆነ የአከራዩ የጽሑፍ ፈቃድ ለብቻው ያስፈልጋል። በቃል የተሰጠ «ችግር የለውም» ተቆጣጣሪው ፊት ዋጋ የለውም።

የቁጥጥሩን ቀን በተመለከተ ሦስቱም መንገዶች እኩል ደካማ ናቸው፤ ቀጠሮ ያስይዛሉ እንጂ አያዘጋጁም። ቤት የሚወድቀው ብዙ ጊዜ በጥቃቅን ነገር ነው። የእጅ መታጠቢያው አለ፣ ሳሙናና ማድረቂያ ግን የለም፤ ወይም ውስጡ መጥበሻ ተቀምጧል። ማቀዝቀዣው አለ፣ ቴርሞሜትር ግን የለውም። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ የሚበላሽ ምግብ ከ5 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች፣ ለመቅረብ የሚጠብቅ ትኩስ ምግብ ደግሞ ከ60 በላይ እንዲያዝ ይላል፤ የሙቀት መጠን የሚመዘገብበት አንድ ደብተር ከማቀዝቀዣው አጠገብ ከተሰቀለ ተቆጣጣሪው በዚህ ጉዳይ ብዙ አይቆይም። የእሳት ማጥፊያው ተገዝቷል፤ ግን በካርቶኑ ውስጥ ነው፣ ወይም የምርመራ ቀኑ አልፏል። በዘይት የሚጠበስ ነገር ካለ ለማብሰያ ዘይት እሳት የተሠራው የማጥፊያ ዓይነት ነው የሚፈለገው፤ በሚነድ ዘይት ላይ ውኃ ቢረጭ ወዲያው ወደ እንፋሎት ተለውጦ እሳቱን ይበትነዋል። የኋላ በሩ ደግሞ በዱቄት ጆንያ ተዘግቷል፤ ይሄኛው ብቻውን ይጥላል። የወደቀ ቤት ዳግም ቀጠሮ የሚይዘው ከወረፋው መጨረሻ ነው፤ ኪራዩ ግን አይጠብቅም።

ወደ ጉዳይ አስፈጻሚው እንምጣ። ለጥሩ ጉዳይ አስፈጻሚ የተከፈለ ገንዘብ አያስቆጭም፤ የትኛው ሰነድ የትኛውን እንደሚቀድም ያውቃል። የስም ማቆያ፣ የጤና ምርመራ፣ ክሊራንስ (የግብር ዕዳ እንደሌለ የሚያሳይ ማረጋገጫ) እያንዳንዳቸው የራሳቸው የአገልግሎት ጊዜ አላቸው። ዕድሜው አጭር የሆነው በመጨረሻ መውጣት አለበት፤ በራሱ የሚሮጥ ሰው የጤና ምርመራውን መጀመሪያ ያወጣና ሌላው እስኪያልቅ ጊዜው ያልፍበታል። ከውጭ አገር የመጣ ሰነድ ካለም ይጠቅማል፦ እ.ኤ.አ. በ1961 የተፈረመው የሄግ ስምምነት አባል በሆኑ አገሮች መካከል አፖስቲል የሚባለው አንድ ማረጋገጫ ይበቃል፤ ከዚያ ውጭ ግን በውጭ ጉዳይና በኤምባሲ በኩል የሚያልፍ ረጅም ሰንሰለት ነው። ባለቤቱ አንድ ሰው ለሆነ፣ ምግብም መድኃኒትም ለማይነካ ሱቅ ግን ለጉዳይ አስፈጻሚ መክፈል ብክነት ነው።

ከቀጠሩ ክፍያው በሁለት ይከፈል፤ የመንግሥት ክፍያ በደረሰኝ፣ የአገልግሎት ዋጋ ለብቻው። ደረሰኝ የሌለው «ቶሎ እንዲያልቅ» የሚባል ሦስተኛ ክፍያ ከመጣ ሥራው እዚያው ይቁም። ውክልናው ጠባብ ይሁን፦ የትኛው ፈቃድ፣ እስከ መቼ። ብድር መዋዋልና የባንክ ሒሳብ ማንቀሳቀስ ውስጡ አይግባ። የፖርታሉ አካውንት ደግሞ በእርስዎ ስልክና ኢሜይል ይከፈት። ይህ ተራ ነገር ይመስላል፤ አካውንቱ በጉዳይ አስፈጻሚው ስልክ ከተከፈተ ግን በዓመቱ የእድሳት መልእክት የሚደርሰው እሱ ጋ ነው። በማመልከቻው ላይ የተሳሳተ መረጃ ቢገኝም ተጠያቂው የፈረመው ባለቤት ነው።

እንግዲህ ለመጋገሪያው የሚሻለው ሦስቱን አቀላቅሎ መጠቀም ነው፦ ለጥያቄ መስኮት፣ ለምዝገባ ፖርታል፣ ጉዳይ አስፈጻሚ ደግሞ ሰነዱ ከተወሳሰበ ብቻ። ከሦስቱ አንዳቸውም የማያስታውሱት ነገር ግን አለ። ፖርታሉ የንግድ ፈቃዱን እድሳት እንጂ የሠራተኞቹን የጤና ምርመራ፣ የእሳት ማጥፊያውን ምርመራ ወይም የሚዛኑን ማረጋገጫ አይከታተልም። በኪሎ የሚሸጥ ቤት ሚዛኑ ተመርምሮ ማኅተም ወይም ተለጣፊ ሊኖረው ይገባል፤ ተለጣፊው ላይ ቀን አለ፣ ቀኑም ከንግድ ፈቃዱ ቀን ጋር አይገጥምም።