የሴት ሽፋን አይቆይም፦ ስለ አንድ የደሴ አሮጌ መጽሔት ቤት

በደሴ ፒያሳ አካባቢ፣ በሁለት የልብስ ስፌት ቤቶች መካከል በተጣበቀች ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ አሮጌ መጽሔቶችን የሚሸጡና የሚያከራዩ አንድ አዛውንት አሉ። የቤቱን ስም የማልጽፈው ከዚህ በታች የማነሣው ቅሬታ የሰውየውን እንጀራ እንዳይነካባቸው ብዬ ነው። ባለፉት ሁለት ወራት አራት ጊዜ ተመላልሼበታለሁ። የማስተምራቸው የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ሴትና ወንድ በመጽሔት ሽፋን ላይ እንዴት እንደሚቀርቡ ተመልክተው ድርሰት እንዲጽፉ ላዝዛቸው ስላሰብኩ፣ ሥራውን በእነርሱ ላይ ከመጫኔ በፊት ራሴ ልሞክረው ፈልጌ ነበር። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ የቤቱም ግምገማ ነው፣ የሸቀጡም።

ቤቱ ከሩቅ የሚለየው በሲባጎው ነው። ከበሩ መቃን እስከ ጎረቤቱ ስፌት ቤት ማዕዘን በተወጠረ ሲባጎ ላይ ሃያ ያህል መጽሔቶች በልብስ መቆንጠጫ ተይዘው ከጦሳ ተራራ በሚወርደው ነፋስ ይወዛወዛሉ። በመጀመሪያው ቀን አንድ በአንድ ስመለከታቸው፣ ከአንዲት ሙሽሪት ጎን ትከሻው ብቻ ከሚታይ ሙሽራ በቀር ወንድ የሚባል አልነበረባቸውም። ወንዶቹ ያሉት ውስጥ፣ ከባለቤቱ ወንበር ጀርባ፣ በዘመንና በስም ተለይተው በላስቲክ ታስረው ነው። ዋጋውም እንደ ቦታው ይለያያል፤ ከሲባጎው የሚወርደው 40 ብር ሲሸጥ ከጀርባ የሚወጣው 80 ብር ነው። ምክንያቱን ስጠይቃቸው፣ “እታለም፣ ሴቷ መንገደኛ ታቆማለች፣ ወንዱ ገዢ ያመጣል፤ ይህንን እኔ አላመጣሁትም” አሉኝ።

እውነት ነው፤ እሳቸው አላመጡትም። ነገሩን ለማጣራት ከሲባጎው አሥር፣ ከላስቲኩ ደግሞ አሥር መጽሔት አውርጄ በጠረጴዛቸው ላይ ጎን ለጎን ዘረጋኋቸው። በወንዶቹ ሽፋን ላይ ፊት ገጹን ይሞላዋል፤ ግንባር ተቋጥሮ፣ አንዳንዴ ጣት ከአገጭ ሥር ተደግፎ፣ ስሙ በትልቁ ተጽፎ፣ ከስሙ በፊት ዶክተር ወይም ኢንጂነር ወይም አምባሳደር የሚል ማዕረግ ቀድሞለት ይታያል። ሴቶቹ ግን ከአናታቸው እስከ ጉልበታቸው፣ አንዳንዶቹም እስከ ጫማቸው ቆመው፣ አንገታቸውን ዘንበል፣ እጃቸውን ወገባቸው ላይ ጣል አድርገው ፈገግ ይላሉ። አብዛኞቹ ስም የላቸውም። በአንዱ ሽፋን ላይ አንዲት ወጣት እንዲሁ ፈገግ ብላ ቆማ፣ ትከሻዋን ታክኮ የወጣው ትልቁ ርዕስ ስለ ሲሚንቶ ዋጋ መናር ይናገራል፤ ልጅቷን ከሲሚንቶ ጋር ምን እንዳገናኛት ለማወቅ ውስጡን ከዳር እስከ ዳር ብገልጥም አላገኘሁም።

ይህ የፊትና የአካል ልዩነት በዓይን ግምት ብቻ የሚነገር አይደለም። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዴን አርቸርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተሙት ጥናት የሚለካበትን መንገድ አሳይተዋል። በፎቶው ላይ ከአገጭ እስከ አናት ያለው ርቀት፣ ከአናት ጀምሮ እስከ መጨረሻው የሚታይ የአካል ክፍል ድረስ ላለው ርቀት ይካፈላል፤ ፊት ብቻ የሚታይበት ፎቶ አንድ ይሆናል፣ አካሉ በታየ መጠን ቁጥሩ ወደ ዜሮ ይወርዳል። ከ11 አገሮች የተሰበሰቡ የጋዜጣና የመጽሔት ፎቶዎችን ሲለኩ የወንዶቹ ቁጥር ከሴቶቹ በልጦ ተገኝቷል። ይበልጥ የሚያስደነግጠው ግን ሌላው ግኝታቸው ነው፤ የዚያው የአንዱ ሰው ፎቶ ፊቱ ጎልቶ ሲቀርብ፣ ተመልካቾች ሰውየውን የበለጠ ብልህ አድርገው ገምተውታል። እኔም ማስመሪያዬን አውጥቼ ሃያዎቹን ስለካ ወንዶቹ በአብዛኛው ከግማሽ በላይ፣ ሴቶቹ በአብዛኛው ከሩብ በታች ሆኑ። ባለቤቱ እንደ ልብስ ሰፊ ስለካ እያዩኝ ሻያቸውን ፉት አሉ። በእርግጥ መጽሔቶቹን አስቀድሞ የለዩት እሳቸው በመሆናቸው ይህንን ልኬቴን ማንም እንደ ጥናት እንዳይወስድብኝ።

ከወንበራቸው በላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ በፕላስቲክ የተለበጠ የታይም መጽሔት ሽፋን ቅጂ ተሰቅሏል። አፄ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. የ1935 “የዓመቱ ሰው” ተብለው የወጡበት፣ ጃንዋሪ 6 ቀን 1936 የሚል ቀን ያለው እትም ነው። ለሽያጭ አይደለም፤ ጠይቄ ነበር። የደሴ ሰው ይህንን ሽፋን በተለየ ዓይን ቢያየው አይፈረድበትም፤ የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን በቦምብ ሲደበድቡና ንጉሠ ነገሥቱ እዚሁ ሆነው መትረየስ ሲተኩሱ ቀኑ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ነበር፣ ሽፋኑ የወጣው ደግሞ ልክ በወሩ። የመጽሔቱን ስያሜ “የዓመቱ ሰው” ብለን ስንተረጉመው ግን ቋንቋችን ሳናስበው አንድ ነገር ይሸፍናል። እንግሊዝኛው እ.ኤ.አ. ከ1927 ጀምሮ ይጠቀምበት የነበረው ቃል ሰው ብቻ ሳይሆን ወንድ ማለትም ነበር፤ ለሁለቱም ጾታ በሚሆን ቃል የተለወጠው በ1999 ነው። ከንጉሠ ነገሥቱ ቀጥሎ በነበረው ዓመት፣ በ1936፣ ቦታውን ለመጀመሪያ ጊዜ ሴት አገኘችው፤ ዋሊስ ሲምፕሰን። የታወቀችውም የእንግሊዙ ንጉሥ ኤድዋርድ ስምንተኛ እርሷን ለማግባት ዙፋኑን በመልቀቁ ነው። አንዱ በሠራው፣ ሌላዋ በተደረገላት ሽፋን ላይ ወጡ።

የውጭ አገር መጽሔቶች በዚህ ቤት ጥቂት ናቸው፤ ከአረብ አገርና ከአሜሪካ የሚመጡ ዘመዶች ሻንጣ ውስጥ የተረፉ ይመስላሉ። ከእነርሱ መካከል ሁለት የሮሊንግ ስቶን እትሞች አግኝቼ ገዝቻለሁ። ይህ የሙዚቃ መጽሔት መታተም ከጀመረበት እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 2009 ያወጣቸውን ከአንድ ሺህ በላይ ሽፋኖች ኤሪን ሃተንና ሜሪ ኔል ትራውትነር የተባሉ የበፋሎ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን መርምረዋቸዋል። ለወሲባዊ መስህብ ተብለው የቀረቡት ወንዶች በ1960ዎቹ 11 በመቶ፣ ሴቶች 44 በመቶ ነበሩ፤ በ2000ዎቹ ወንዶቹ 17 በመቶ ሲደርሱ ሴቶቹ 83 በመቶ ሆነዋል። ዘመን በገፋ ቁጥር ነገሩ ይሻሻላል ብሎ የሚያስብ ሰው እነዚህን አራት ቁጥሮች ደግሞ ቢያያቸው ይጠቅመዋል። ስለ ሞዴሏ ሊያ ከበደም ከባለቤቱ ጋር አንሥተን ነበር። ግንቦት 2002 እ.ኤ.አ. የፈረንሳዩ ቮግ ሙሉ እትሙን ለእርሷ እንደሰጠ ስነግራቸው፣ ቢያገኙት ሲባጎ ላይ እንደማይሰቅሉት ነገሩኝ። ለምን ብላቸው “ስም አላታ!” አሉ።

ከሁሉም በላይ የቆየሁት ግን “የወሎ ቆንጆ” ዘንድ ነው። ከተለያየ ጊዜ የተረፉ ሽፋኖችና የግድግዳ ቀን መቁጠሪያዎች በአንድ ካርቶን ተጠራቅመዋል፤ አብዛኞቹ አንዲት ዓይነት ሴት ያሳያሉ። ሹሩባዋን ተሠርታ፣ ዓይኗን ተኩላ፣ እጇን እንሶስላ ሞቃ፣ ድሪና አልቦዋን አድርጋ፣ እንስራ አዝላ ከምንጭ ዳር ቆማለች። እኔ የተወለድኩት ሐይቅ አቅራቢያ ነው፤ ሴቶቻችን ውሃ የሚቀዱት በቢጫ ጀሪካን ከሆነ ዘመን የለውም፤ አልቦ አድርጎ ውሃ የሚወርድም አላየሁም። ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ የሚወጡ ሴቶች ፀሐይ ላይ ተቀምጠው በዋጋ ሲከራከሩ፣ ብሩን ቆጥረው በመቀነታቸው ሲቋጥሩ ያየ ሰው፣ ካርቶኑ ውስጥ ያለችዋን ሴት አገር አቋርጣ የመጣች እንግዳ ናት ቢል አልፈርድበትም። ቆንጆ ተብለን መወደሳችን አላስከፋኝም፤ በልጅነቴ ኩራት ነበር። አሁን ግን የአገሬ ስም ሴት ሲሆን የመልክ ማዕረግ ብቻ ሆኖ መቅረቱ ይከነክነኛል። ወንዱ በዚያው ካርቶን ውስጥ ሽመል ተደግፎ ወይም መጫኛ ጫንቃው ላይ አድርጎ ይታያል፤ ቢያንስ የሚሠራው ነገር አለው።

ከላስቲኮቹ መካከል በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ይታተም የነበረው መነን መጽሔት አንድ እትም ወጣልኝ። ጠርዙ ተበልቷል፣ ዋጋውም ከአቅሜ በላይ ነበርና ተከራይቼ አነበብኩት። ስሙን የተሸከመችው እቴጌ መነን የአምባሰል ልጅ ናት፤ እናቷም የንጉሥ ሚካኤል ልጅ ወይዘሮ ስህን፣ የደሴው አንጋፋ ትምህርት ቤት በስሟ የሚጠራው። በዚያ ቤት ካየሁት ሁሉ የወሎ ሴት ስሟ ከመልኳ ገዝፎ የተጻፈበት ይህ ብቻ ሆነብኝ፤ ያውም እንደ ርዕስ።

በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ አዋጅ ከወጣ በኋላ የታተሙት ብዙ ናቸው፤ መደርደሪያውም የሚሞላው በእነርሱ ነው። በ2006 ዓ.ም. መጨረሻ አዲስ ጉዳይ፣ ፋክት፣ ሎሚ፣ ዕንቁና ጃኖ የተባሉት መጽሔቶች ከተከሰሱ ወዲህ ግን የፖለቲካው ክምር ይሳሳል፤ ከዚያ በኋላ ያለው በአብዛኛው የውበት፣ የሠርግና የጤና ነው። ውስጥ የሚገቡት ወንዶች ሲያንሱ ሲባጎው ረዘመ።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። በሁለተኛው ጉብኝቴ ሦስት መጽሔት ገዝቼ፣ ባለቤቱ በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡኝ። ቤት ስደርስ ሁለቱ ሽፋን የላቸውም፤ የስቴፕለሩ ሽቦ ላይ የተቀደደ የወረቀት ጥርስ ብቻ ቀርቷል። በማግስቱ ይዣቸው ስመለስ፣ “አብሽሪ እታለም፣ የሴት ሽፋን አይቆይም” ብለው ነገሩን ገለጡልኝ፤ የሴቶች ፀጉር ቤቶች ሽፋኑን ብቻ በ15 ብር ይገዟቸዋል፣ የሚኒስትር ሽፋን ግን ግድግዳዬ ላይ ልለጥፍ የሚል ሰው መጥቶ አያውቅም። ይህንን ሳይነግሩ 40 ብር መቀበላቸው ተገቢ አልነበረም፤ ሌላ አንድ እትም በምትኩ ሰጥተውኛል፣ ለሁለተኛው ግን ምንም።

ከተቀደዱት ሽፋኖች አንዷን ያገኘኋት ከመንገዱ ማዶ ባለ ፀጉር ቤት፣ መስታወቱ ጠርዝ ላይ ተለጥፋ ነው። የለየኋት መጽሔቱ ውስጥ፣ ማውጫው ገጽ ላይ፣ ያው ፎቶ በትንሹ ስላለ ነው። ስሟና ሥራዋ ተጽፎበት የነበረው የገጹ ግርጌ በመቀስ ተከርክሟል፤ የቀሩት ሹሩባዋና የግራ ጆሮዋ ጉትቻ ናቸው። በጽሑፉ መሠረት ሴትዮዋ የመንገድ ሥራ መሐንዲስ ነች፤ አስፋልት ከመልበሱ በፊት አፈሩ በትክክል መጠቅጠቁን የምትፈትን፣ ካልተጠቀጠቀም ሥራውን የምታስቆም። ፀጉር ሠሪዋን ማን እንደሆነች ብጠይቃት፣ “እሷማ ቁጥር ሦስት ናት” አለችኝ። ደንበኞች ሲመጡ ቁጥር ሦስትን ሥሪልኝ ይላሉ። አለ አራትም፣ አለ አምስትም።

እንዲህም ሆኖ ቤቱን እወደዋለሁ፤ በከተማችን ለአንድ ቀን በ10 ብር የሠላሳ ዓመት መጽሔት የሚከራይበት ሌላ ቦታ አላገኘሁም። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወቅት ብዙ ሱቅ ሲዘረፍ ይህ ክምር የተረፈው፣ ባለቤቱ እንደሚሉት፣ አሮጌ ወረቀት የሚፈልግ ዘራፊ ስላልነበረ ነው። ለኪራይ መታወቂያ ያስይዛሉ። ዓርብ ከስድስት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት ለጁምዓ ይዘጋሉ፤ ዝናብ ሲያስገመግም ሲባጎው ተጠቅልሎ ስለሚገባ በክረምት ጠዋት መሄድ ይሻላል። የወንዶቹን ክምር ካላስፈቀዱ ስለማያሳዩ መጠየቅ ያስፈልጋል። ከመክፈላችሁ በፊት ደግሞ ሽፋኑ መኖሩን እዩ፤ በተለይ ሴት ያለችበት ከሆነ።