ረግረጉ ወይስ የዛፍ ላይ ኩሬው?

ምድርን የሚያሞቀውን ሚቴን የተባለ ጋዝ የሚያመርቱት አርኬያ የሚባሉ ረቂቅ ሕዋሳት ኦክስጅን አይወዱም። በሐሩር ደን ሁለት ምቹ ቤት አላቸው፦ መሬት ላይ ያለው ረግረግ፣ እና ዛፍ ላይ በቅለው በቅጠላቸው መሃል ዝናብ የሚያቋጥሩት ብሮሚሊያድ የሚባሉ ዕፅዋት።

በመጠን ረግረጉን የሚያህል የለም። እዚያ ግን ጋዙ ወደ ላይ ሲወጣ ሚቴን በል ባክቴሪያዎች ይጠብቁታል፤ ከፊሉን ይበሉታል። አቋራጭም አለው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት፣ በአማዞን ጎርፍ ከሚተኛበት ደን የሚወጣው ሚቴን ግማሽ ያህሉ በዛፎች ግንድ በኩል እንደሚያመልጥ አሳይቷል። ዛፉ ጭስ ማውጫ ሆነ ማለት ነው!

ብሮሚሊያዱስ? ውሃው ትንሽ ነው። የወደቀ ቅጠል ሲበሰብስበት ግን ታች ያለው ኦክስጅን ያልቃል። እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣ ጥናት፣ በኢኳዶር ደኖች ውስጥ ተለክቶ ሚቴን እንደሚለቅ ታይቷል። ለአየር ንብረት ስሌት ረግረጉ ይቀድማል፤ ለተመራማሪ ግን፣ በእኔ እይታ፣ ለብቻው የሚለካው ትንሹ ኩሬ ይመቻል።