ለኢትሩሪያው የሎክ በጎ ፈቃደኛ ምስጋና፤ ጸጥ ያለ ካናል ለምትፈልጉ ደግሞ ጥቆማ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ይህን የምጽፈው በስቶክ ኦን ትሬንት፣ ኢትሩሪያ በሚባለው ቦታ፣ የካናል ሎክ ላይ በነጻ የሚያገለግሉ አንድ አዛውንትን በይፋ ለማመስገን ነው። ካናል ለጀልባ ተብሎ የተቆፈረ የውሃ መንገድ ነው፤ ሎክ ደግሞ ከፊትና ከኋላ በር ያለው፣ ውሃ እየተሞላና እየጎደለ ጀልባን ከፍ ዝቅ የሚያደርግ ገንዳ ነው። ስማቸውን አልጠቅስም፤ እንዳልጠቅስ ለምነውኛል። ካናሎቹን የሚጠብቀው ድርጅት፣ የካናል ኤንድ ሪቨር ትረስት፣ በጎ ፈቃደኛ ናቸው። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጣቸው።

ባለፈው ሰመር አባቴ ከባሕር ዳር ሊጠይቁን መጥተው ነበር። ጣና ዳር ያደጉ ሰው ናቸውና ውሃ ይወዳሉ፤ ጫጫታና ግፊያ ግን አይሆንላቸውም። ከልጆቹ ጋር ናሮውቦት ተከራይተን ጥቂት ቀን ውሃ ላይ እናሳልፍ ተባባልን። ለማታውቁት፣ ናሮውቦት ለእንግሊዝ ጠባብ ካናሎች ተብሎ የተሠራ ቀጭንና ረጅም ጀልባ ነው፤ ወርዱ ሁለት ሜትር ገደማ ሲሆን ርዝመቱ እስከ 22 ሜትር ይደርሳል። መኝታ፣ ወጥ ቤትና መታጠቢያ አለው። ለመከራየት መንጃ ፈቃድ አይጠየቅም።

የጠየቅነው ሰው ሁሉ የሚነግረን ስለ ላንጎለን ካናል ነበር። እውነት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1805 የተከፈተው ጀልባን በ38 ሜትር ከፍታ ሸለቆ የሚያሻግረው የፖንትከሰልቴ ድልድይ የሚደነቅ ሥራ ነው። ግን በነሐሴ ወር እዚያ መሄድ ማለት ሎክ ላይ ተሰልፎ ተራ መጠበቅ ነው። ልጆቹን የዌጅውድ የሸክላ ፋብሪካ የነበረበትን ቦታ ላሳያቸው ኢትሩሪያ በወሰድኳቸው ቀን ነው እኚህን ሰው ያገኘናቸው። ልጆቹ የሎኩን በር ሲከፍቱና ሲዘጉ ፈዝዘው ሲያዩዋቸው ጠርተው አስገፏቸው። ከዚያ ወሬ ተጀመረ።

ያከበርኳቸው ወዲያው የአንድ ቦታ ስም ስላልጠሩ ነው። መጀመሪያ ጠየቁኝ። ስንት ናችሁ? የሎክ በር ለመግፋት ጉልበት ያለው ማነው? አባትህ ጉልበታቸውን ያማቸዋል ወይ? ስንት ቀን አላችሁ? ከዚያ ድንጋይ ላይ ካርታቸውን ዘርግተው ጸጥ ያለ ካናል እንዴት እንደሚፈለግ አስተማሩኝ። ይህንን ነው ለእናንተም ማካፈል የፈለግሁት።

አንደኛ ነገር፣ መጨረሻው የተዘጋ ካናል ፈልጉ። አብዛኛው ተከራይ ዞሮ የተነሳበት የሚመልሰውን መስመር ይመርጣል፤ በሄዱበት መመለስ ሰው አይወድም። ስለዚህ ዳር ላይ የሚያልቁት ቅርንጫፎች ብዙ ጊዜ ባዶ ይሆናሉ። እኔ ግን በሄድኩበት መመለስ ምንም አልከበደኝም፤ ጠዋት ያየኸው ሸለቆ ማታ ሌላ መልክ አለው። ቀጥሎ፣ ትረስቱ እያንዳንዱ ሎክ በዓመት ስንት ጊዜ እንደተሞላ የሚያሳይ ዘገባ በየዓመቱ ያወጣል፤ በድረ ገጹ ላይ በነጻ ይገኛል። በኦክስፎርድ ካናል ያለው ሂልሞርተን አብዛኛውን ጊዜ አናት ላይ ይቀመጣል። ሰው ዝርዝሩን ከላይ ያነባል፣ እናንተ ከታች አንብቡት አሉኝ። ለእኔ ከምክራቸው ሁሉ ትልቁ ይህ ነበር፤ በግምትና በወሬ ሳይሆን በቁጥር መምረጥ ይቻላልና። ሌላው፣ አስቀድሞ ቀጠሮ የሚጠይቁ ቦታዎች፣ ለምሳሌ በሞንትጎመሪ ካናል መግቢያ ያሉት የፍራንክተን ሎኮች፣ ችኩሉን ሰው ስለሚመልሱ ከኋላቸው ጸጥታ አለ።

ለእኛ የመረጡልን እዚያው ከቆምንበት የሚነሳውን ካልደን ካናልን ነው። ርዝመቱ 17 ማይል ያህል፣ ሎኮቹም 17 ናቸው። ካልደን ሎው ከሚባል ቦታ የኖራ ድንጋይ ለማምጣት ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1779 የተከፈተ ነው። የእንግሊዝን ካናሎች ከቀየሱት ሁሉ ስሙ የገነነው ጄምስ ብሪንድሊ ይህንኑ መስመር ሲቀይስ ዝናብ መትቶት ታመመ፣ በ1772ም አረፈ። ሐውልቱ ኢትሩሪያ መገናኛው ላይ ቆሟል፤ ሰውዬው ታሪኩን ለልጆቼ ሲነግሯቸው ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ካናሉ ራሱም ሞቶ የተነሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሊዘጋ ተቃርቦ የአካባቢው ሰዎች በጎ ፈቃደኞችን አስተባብረው ታገሉለት፣ በ1974 እንደገና ለጀልባ ተከፈተ።

ስንነሳ ቀን ሰውዬው ሎኩ ላይ ይጠብቁን ነበር። የካናሉ መጀመሪያ ሁለት ሎክ እንደ ደረጃ የተያያዘበት ነው፤ ሲወጣ የታችኛው ባዶ፣ የላይኛው ሙሉ መሆኑን ሳያረጋግጡ መግባት አይገባም። ሲወረድ ደግሞ የጀልባው ኋላ ከላይኛው በር ሥር ያለው የድንጋይ እርከን ላይ እንዳይቀመጥ፣ ግድግዳው ላይ ከተቀባው ምልክት ወደ ፊት አልፎ መቆየት አለበት። እርከኑ ላይ የተሰቀለ ጀልባ ውሃው ሲጎድል አፍንጫው ይደፋና ይሰምጣል። ይህንን ለእኔ ብቻ ሳይሆን ለልጆቹም ደጋግመው አስረዷቸው፤ ልጄ ከዚያ በኋላ በየሎኩ ምልክቱን ጮክ ብላ ትጠራልኝ ነበር።

የስቶክን ቤቶችና ፋብሪካዎች ካለፍን በኋላ ውሃው የእኛ ብቻ ሆነ ማለት ይቻላል። ቼድልተን ላይ ለሸክላ ፋብሪካዎች ባልጩት ይፈጭ የነበረው የውሃ ወፍጮ አሁንም አለ። ከዚያ ወዲያ ካናሉ ከቸርኔት ወንዝ ጋር ተቀላቅሎ በጫካ ውስጥ ይወርዳል። አባቴ ጀልባው ፊት ላይ ወንበራቸውን አስቀምጠው ዳዊታቸውን ይደግማሉ፤ ኮንሶል ላይ የአሮጌው ባቡር ጣቢያ ማረፊያ ክፍል ከውሃው በላይ ተንጠልጥሎ ሲያዩ ግን መጽሐፉን አጥፈው ልጆቹን ጠሩ። መጨረሻው ላይ ያለው የፍሮግሆል ዋሻ ጣራው በጣም ዝቅተኛ ስለሆነ አብዛኛው ጀልባ አያልፍበትም። እኛም አስቀድመን ተነግሮናልና ከዋሻው በፊት ዞረን አስረን፣ የኖራ ማቃጠያ ምድጃዎቹን በእግር ሄደን አየን።

ሰው የማይበዛበት ውሃ የራሱ ጠባይ እንዳለውም ነግረውኛል። ጀልባ ካልተመላለሰበት ደለል ይሞላል፣ ሳር ይበቅላል። ስለዚህ መሃል ለመሃል ቀስ ብሎ መሄድ ነው፤ ፍጥነቱ ከአራት ማይል በሰዓት አይበልጥም፣ እንዲህ ባለው ካናል ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ሳር ወይም ፌስታል ጀልባውን በሚገፋው ተሽከርካሪ (ፕሮፔለር) ላይ ከተጠመጠመ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ቁልፉን ነቅሎ ኪስ ከትቶ ነው እጅ የሚገባው። ከባድ ዝናብ ከጣለም ወንዙ ክፍል ውስጥ አትግቡ፣ እስኪጎድል ታስሮ ማደር ይሻላል።

ስንመለስ ለሰውዬው የሻይ ብለን ገንዘብ ዘረጋን፤ አልተቀበሉም። ትረስቱ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው፣ የሚጠብቀው ውሃ 2,000 ማይል ነው፣ መስጠት ካማራችሁ ለእሱ ስጡ አሉን፤ እንዲያ አደረግን። ዳቦና ቡና ግን ተቀብለውናል፤ አባቴ መርቀዋቸዋል፣ ምርቃቱን እኔ ተረጎምኩላቸው።

በየትኛውም ከተማ ብትሆኑ ሎክ ላይ እንዲህ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ካገኛችሁ ሳትፈሩ ጠይቋቸው። ከኢንተርኔት የማታገኙትን ይነግሯችኋል፤ ሰው ሲጠይቃቸውም ደስ ይላቸዋል። ለእኔ ከጠቆሙኝ ሌሎች መካከል፦ አዛውንት ወይም ሕጻናት ይዛችሁ ሎክ መግፋት ለማትፈልጉ ሌስተርሸር ውስጥ የሚያልቀው አሽቢ ካናል፤ 22 ማይል ያህል ያለ ሎክ ይኬዳል። ጥሩ ልምድ ላላችሁ ደግሞ ቼስተርፊልድ ካናል፤ ከሌሎቹ ጋር የሚገናኘው ባሕሩ ከፍ ዝቅ በሚያደርገው የትሬንት ወንዝ በኩል ብቻ ስለሆነ ጥቂት ሰው ነው የሚደፍረው። ለለንደኖች እ.ኤ.አ. በ1882 የተከፈተው የስላው የካናል ቅርንጫፍ አለላችሁ፤ አምስት ማይል፣ ሎክ የለውም። የራሳችሁን ካያክ (በመቅዘፊያ የሚሄድ ትንሽ ጀልባ) ይዛችሁ የምትወርዱ ከሆነ ግን ለእሱም ፈቃድ እንደሚያስፈልግ አትርሱ፤ የቀዛፊዎች ማኅበር የሆነው የፓድል ዩኬ አባልነት በትረስቱ ውሃዎች ላይ ፈቃዱን ይጨምራል።