ስፖንጅ ማጣሪያ ላረጀ ቤታ ዓሣ፦ የት ይጠቅማል፣ የት ያንሳል

ቤታ ዓሣ ሦስት ዓመት ሲያልፈው እርጅናው ይታወቃል። ቀለሙ ይደበዝዛል፣ አብዛኛውን ቀን ቅጠል ላይ ተጋድሞ ይውላል፣ ረጃጅም ክንፎቹም ሸክም ይሆኑበታል። እንዲህ ላለው ዓሣ ጠርዝ ላይ የሚንጠለጠለው ባለሞተር ማጣሪያ አይሆንም፤ ፍሰቱ ያደክመዋል፣ መሳቢያውም ክንፉን ይዞ ይተለትለዋል። በአየር ፓምፕ የሚሠራው ተራ ስፖንጅ ርካሽ ነው፤ ለ20 ሊትር አኳሪየም ግን ከባለሞተሩ ይሻላል።

አዲስ ስፖንጅ ስለሚንሳፈፍ ውኃ ውስጥ ደጋግመው ጨምቀው አየሩን ያስወጡለት። አየር መቀነሻ ቫልቭና ውኃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግድ ቫልቭ ብዙ ጊዜ አብረው አይመጡም፤ ለብቻ ይገዛሉ። በመጀመሪያው ቫልቭ አረፋውን የዓሣው ክንፍ እስከማይወዛወዝ ድረስ ይቀንሱ። ሁለተኛውን መዝለል መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ አያዋጣም፦ ፓምፑ ከውኃው ዝቅ ብሎ ከተቀመጠ፣ መብራት ሲጠፋ ውኃው በቱቦው ተመልሶ ፓምፑን ያበላሻል፣ ቤቱንም ያረጥባል። ቤታ ከላይ አየር ስለሚተነፍስ የአረፋው መቋረጥ ለጥቂት ሰዓት አያንቀውም፤ የሚጎዳው የማሞቂያው መጥፋት ነው። ውኃው ከ25 እስከ 27 ዲግሪ ሴልሺየስ መቆየት አለበት።

የስፖንጁ ዋና ጉድለት ጊዜ መፍጀቱ ነው። አሞኒያን (ከዓሣው ቆሻሻ የሚወጣውን መርዝ) የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ስፖንጁ ላይ እስኪሰፍሩ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። ስለዚህ አሮጌውን ማጣሪያ ወዲያው አያውጡ፤ ፍሰቱን ቀንሰው፣ መሳቢያውን በስፖንጅ ሸፍነው ሁለቱን ጎን ለጎን ያሠሩ። አረፋው ሲዳከም ስፖንጁ ሞልቷል ማለት ነው፤ ከአኳሪየሙ በተቀዳ ውኃ ባልዲ ውስጥ ቀስ ብለው ይጭመቁት። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ባክቴሪያዎቹን ይገድላል፤ «አጥቤው ነው ዓሣው የታመመው» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ይመጣል።

ስፖንጁ የአኳሪየሙን ወለልም አያጸዳም። ዓይኑ የደከመ ቤታ ምግቡን ይስታል፣ የሰመጠው ይበሰብሳል። በየሳምንቱ ሩብ ያህል ውኃ ሲቀየር ቆሻሻውን በቀጭን ቱቦ መሳብ ያስፈልጋል፤ የሚጨመረው ውኃ ክሎሪኑ የጠፋና ሙቀቱ ከቀድሞው እኩል ይሁን። የአረፋው ጉርጉርታ የሚረብሽ ከሆነ የማጣሪያው ቱቦ ውስጥ የአየር ድንጋይ ማስገባት አረፋውን ያደቀዋል።

ዓሣው ለመተንፈስ መውጣት ሲያቅተው የውኃው ከፍታ ወደ 15 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። ያኔ የማጣሪያው ቱቦ ከውኃ በላይ ቀርቶ እንዳይረጭ ይቆረጥ፤ ውኃው ማሞቂያው ላይ ከተሰመረው ዝቅተኛ የውኃ መስመር በታች እንዳይሆን ማሞቂያውን አጋድመው ይለጥፉት፤ በጋለበት ከውኃ ከወጣ መስታወቱ ይሰነጠቃል።