ለልጆቻችን ምን እንበላቸው ብላችሁ ለተጨነቃችሁ የጅማ ቤተሰቦች

ባለቤቴ የጡት ካንሰር ታማ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ኬሞ የሚባለውን የካንሰር መድኃኒት እየወሰደች ነው። ትልቋ ልጃችን 9 ዓመቷ ነው፤ ትንሹ 5። «ልጅ ምን ያውቃል፣ አዲስ አበባ ዘመድ ጥየቃ ሄዳለች በሏቸው» ያለን ዘመድ ብዙ ነው። ክፉ አስበው አይደለም፤ እኛም ያደግነው እንደዚያ ነው።

መድኃኒቱን የምትሰቅልላት ሲስተር ግን ያ ሁሉ ሰው እየጠበቃት ወንበር ስባ ተቀመጠችና «ልጆቹስ ያውቃሉ?» አለችን። የበሽታውን ስም ከጎረቤት ሳይሰሙ ከእኛ እንዲሰሙት መከረችን። በመሳምም ሆነ ከአንድ ሳህን በመብላት እንደማይተላለፍ ንገሯቸው አለች። ፀጉሯ ሳይረግፍ በፊት ይወቁ፤ የሚያረግፈው መድኃኒቱ ነው፣ ሕክምናው ሲያልቅ መልሶ ይበቅላል። ትንንሾች ጥፋቱ የራሳቸው ስለሚመስላቸው ደግሞ፣ ባይጠይቁም ጥፋተኛ አለመሆናቸውን ንገሯቸው አለችን።

ማታ እናታቸው አጠገቤ ተቀምጣ ነገርኳቸው። ትንሹ ዝም ብሎ ቆየና «ጡቷ ላይ ስለዘለልኩባት ነው?» አለ። ሲጫወት የዘለለውን እኛ ረስተነዋል፤ እሱ ግን ስንት ጊዜ ብቻውን ይዞት እንደኖረ እንጃ። «አይደለም የኔ ጌታ» ብላ እናቱ አቀፈችው። ሲስተር ያንን ባትነግረን ኖሮ ልጄ አሁንም ይህንን ተሸክሞ ነበር፤ ከሁሉ በላይ የማመሰግናት ለዚህ ነው።

ትልቋ «ትድናለች?» ብላ ጠየቀችኝ። ያልተረጋገጠ ተስፋ እንዳልሰጥ ስለተመከርኩ «ሐኪሞቹ እያከሟት ነው፤ አዲስ ነገር ሲኖር እኔው እነግርሻለሁ» አልኳት። ለክፍል አስተማሪዋም ነገርን፣ ይህም የሲስተር ምክር ነው።

የሲስተርን ስም እንዳልጽፍ ስለለመነችኝ ትቼዋለሁ። በካንሰር ሕክምና ክፍሉ ስለ ልጆች የምታማክረዋን ነርስ ብላችሁ ጠይቁ፤ በአማርኛም በኦሮምኛም ታስረዳለች። ልጃችሁ እንቅልፍ ካጣ ወይም ምግብ ከዘጋው እዚያው ግቢ ወዳለው የአእምሮ ሕክምና ክፍል ትመራችኋለች። ከአጋሮ፣ ከቦንጋ፣ ከሚዛን ልጆቻችሁን ዘመድ ቤት ትታችሁ የምትመጡም አነጋግሯት፤ አንዲት የቦንጋ እናት በእሷ ምክር ሁልጊዜ ማታ በአንድ ሰዓት ለልጆቿ ትደውላለች።

ሲስተር፣ ፈጣሪ ያክብርልን።